የእርሳስ ወታደርና የጭቃ በሬ

የአሻንጉሊት እግረኛ ወታደር በገነነባቸው አገሮች ከልጆች እጅ እየወጣ ከሄደ ግማሽ ምዕት ዓመት አልፎታል። ጋምቤላ ግን ገና አሁን በርካሽ እየገባ ነው። በከተማው ገበያ ከነጠላ ጫማ፣ ከባትሪ ድንጋይና ከፀጉር ማስያዣ ጎን በላስቲክ ታሽጎ የሚንጠለጠለው አረንጓዴ ጭፍራ የዚያ አሮጌ ነገር ቅሪት ነው። አንዱ በደረቱ ተኝቶ ያነጣጥራል፤ አንዱ ተንበርክኮ ይተኩሳል፤ አንዱ ቦምብ ሊወረውር ክንዱን ወደ ኋላ ስቧል፤ ሌላው መነጽር ዓይኑ ላይ ደግኗል። ሬዲዮ የተሸከመም አይታጣም፤ ስለማይተኩስ ማንም ልጅ የእኔ ነው አይለውም።

ከእነዚህ አንዱን ጠጋ ብሎ ያየ ሰው ወታደሩ ፊት እንደሌለው ያስተውላል። ከብረት ቆቡ በታች ዓይንም አፍንጫም የለም፤ ያለው ትንሽ ጉብታ ነው። ከቆቡ ጫፍ ተነስቶ በትከሻው በኩል እስከ ተረከዙ የሚወርድ ስስ መስመር አለ፤ የቅርጽ ማውጫው ሁለት ግማሾች የተገጠሙበት ቦታ ነው። ጠብመንጃው በሙቀት ወደ መሬት ጎብጧል። የፊቱ መጥፋት የሠራተኛ ስንፍና ብቻ አይደለም። ፕላስቲክ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። ስለዚህ ካለቀ አሻንጉሊት ላይ ቅርጽ ወስዶ አዲስ የሚያወጣ ፋብሪካ ከዋናው ትንሽ ያነሰ ወታደር ያገኛል። ከዚያኛው ላይ ሌላው ሲገለብጥ ደግሞ ይበልጥ ያንሳል፤ አፍንጫው ይሟሟል፣ የኪሱ ክዳን ይጠፋል፣ ጣቶቹ አንድ ይሆናሉ። ጋምቤላ የሚደርሰው የግልባጭ ግልባጭ ነው። ዋናው ቅርጽ የወጣው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአሜሪካ ፋብሪካዎች ሲሆን፣ የተመሰለውም ያን ጦርነት የተዋጋው አሜሪካዊ እግረኛ ነው። ክቡ የብረት ቆብና የአቋሙ ዓይነት እስከ ዛሬ ብዙም አልተለወጠም።

ያ ጦርነት ጋምቤላንም ነክቷል። ግን እዚህ የተዋጋው ሌላ ወታደር ነው።

ጋምቤላ ዳግማዊ ምኒልክ በግንቦት 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት የወሰን ውል መሠረት በባሮ ዳር ለንግድ ጣቢያ የተፈቀደ ቦታ ነበር። ክረምት ባሮ ሲሞላ የእንፋሎት መርከብ ከካርቱም እየመጣ ጨውና ጨርቅ ያራግፋል፤ ከጎሬና ከሳዮ የወረደውን ቡና ይዞ ይመለሳል። ጣቢያውን የሚያስተዳድረው የሱዳን መንግሥት ስለነበር ሙሉ በሙሉ ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰው ሱዳን ነፃ ከወጣች በኋላ በ1949 ዓ.ም. ነው። ቡናና ጨው ባለበት ጠብመንጃ አይጠፋም። የአካባቢው አኝዋሃዎች የዝሆን ጥርስ ለደገኞች እየሸጡ ጠብመንጃ ሲሰበስቡ ከቆዩ በኋላ፣ በመጋቢት 1904 ዓ.ም. አዶንጋ ላይ ሊቀጣቸው የመጣውን የእንግሊዝ ጦር ገጥመው ከ40 በላይ ወታደር ገድለውበታል። ከዚያ ጣሊያን መጣ። በመጋቢት 1933 ዓ.ም. ጣሊያንን ከጋምቤላ ካስለቀቁት አንዱ ከቤልጅግ ኮንጎ አፍሪካን አቋርጦ የመጣው «ፎርስ ፑብሊክ» የተባለ ጦር ነው። ተራው ወታደር ኮንጎዊ ነበር፤ አዛዡ ቤልጅጋዊ። ይኸው ጦር ዳገቱን ወጥቶ ሳዮን፣ የዛሬዋን ደምቢ ዶሎን፣ ከበበ። የጣሊያኑ ጄኔራል ፒዬትሮ ጋዜራም ሰኔ 26 ቀን 1933 ዓ.ም. እጁን ሰጠ። በደቡብ በኩል በጊሎና በአኮቦ ወንዞች አካባቢ ደግሞ ጥቂት አኝዋሃዎች ያረጀ ጠብመንጃ ይዘው የጣሊያንን ሠፈር ሲያውኩ ነበር። መሪያቸው የኑዌርን ሕዝብ ሕይወት በማጥናት ስሙ የገነነው እንግሊዛዊው የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ ኢቫንስ ፕሪቻርድ ነው። ሰውየውን ከጥቂት አንቀጽ በኋላ በሌላ ጉዳይ እናገኘዋለን።

ኮንጎዊውም ሆነ አኝዋሃው በላስቲኩ ውስጥ የለም። ይህን ያነሳሁት ለቅሬታ አይደለም። የአሻንጉሊት ፋብሪካ ታሪክ የመጻፍ ግዴታ የለበትም፤ የሚቀርጸው ጋዜጣ የፊት ገጽ ላይ ያለውን ነው። የእኛ ወታደር ራሱ ለጥቂት ጊዜ እዚያ ገጽ ላይ በነበረ ጊዜ ተቀርጿል። ሙሶሊኒ በ1928 ዓ.ም. ሲወረን፣ በዘመኑ የዓለም ስመ ጥር የእርሳስ ወታደር ሠሪ የነበረው የሎንዶኑ ብሪትንስ የንጉሠ ነገሥቱን ክብር ዘበኛና የኢትዮጵያን ባላገር ጦረኛ በሳጥን በሳጥን አድርጎ ለገበያ አቅርቧል። የጣሊያንንም እግረኛ እንዲሁ። የሎንዶን ልጅ ሁለቱንም ወገን ገዝቶ ምንጣፍ ላይ ሊያዋጋቸው ይችል ነበር፤ ማን እንደሚያሸንፍም የሚወስነው እሱ ነው። ዛሬ እነዚያን ሳጥኖች የሚፈልጋቸው የጨረታ ቤት ደንበኛ እንጂ ልጅ አይደለም። ኢትዮጵያዊው የእርሳስ ዘበኛ ዋጋ የሚያወጣው ቀለሙ ካልተላጠ፣ ጠብመንጃው ካልተሰበረ፣ ከሁሉም በላይ ሳጥኑ ካለ ነው። በአጭሩ፣ ማንም ልጅ ካልተጫወተበት።

የአሻንጉሊት ወታደሩ ውድቀት ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል። ታሪኩን በቁሳቁሱ በኩል ብቻ የሚተርኩት ሰዎች አያሳምኑኝም።

በቁሳቁሱ በኩል ያለው ታሪክ የሚከተለው ነው። ብሪትንስ እ.ኤ.አ. በ1893 አንድ ብልሃት አወጣ። የቀለጠው እርሳስ ቅርጽ ማውጫው ውስጥ ይፈስና ዳር ዳሩ እንደረጋ መሃሉ ተመልሶ ይደፋል። የሚቀረው ውስጡ ባዶ የሆነ፣ ቀላልና ርካሽ ወታደር ነው። ከዚያ በፊት ገበያውን የያዘው የጀርመን ድፍን ወታደር በዋጋ ሊቋቋመው አልቻለም። የመካከለኛ ኑሮ ያለው ቤተሰብ ልጅ ክፍለ ጦር ማሰለፍ ቻለ። እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስ በ1913 እ.ኤ.አ. በእነዚህ ወታደሮች እንዴት ጦርነት እንደሚካሄድ ደንብ የሚያወጣ መጽሐፍ እስከ መጻፍ ደርሷል። ጨዋታው በእንጨት ጥይት የሚተኩስ ትንሽ መድፍ ነበረው፤ ወታደር ይወድቃል፣ አንገቱ ይሰበራል። አንገቱ የተሰበረውን ልጆች በክብሪት እንጨት እየጠገኑ መልሰው ያዘምቱታል። በኋላ እርሳስ መርዝ ነው ተባለ፤ ፕላስቲክም በርካሽ መጣ። ብሪትንስ እ.ኤ.አ. በ1966 የእርሳስ ወታደር መሥራት አቆመ።

ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ግን ውድቀቱን አያስረዳም። ፕላስቲኩ እርሳሱን ተክቶ ነበርና ወታደሩ ከነሕይወቱ ሊቀጥል ይችል ነበር። ከፕላስቲኩ በኋላ የመጣውን ማየት ያስፈልጋል። ሃዝብሮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1964 ጂ. አይ. ጆ የሚባል፣ ልብሱ የሚወልቅ፣ ክንድና እግሩ የሚታጠፍ፣ 30 ሳንቲ ሜትር ግድም ቁመት ያለው ወታደር አወጣ። ሽያጩ ሰማይ ነካ። ብዙ ሳይቆይ ግን የቬትናም ጦርነት በየቤቱ ቴሌቪዥን ገባ፤ እናቶችም ለልጃቸው ወታደር ገዝተው መስጠት ከበዳቸው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ማብቂያ ላይ ወታደሩን ዩኒፎርም አስወልቆ አሳሽና ጀብደኛ አደረገው። ቀጥሎ የነዳጅ ዋጋ ናረ፤ ፕላስቲክ ደግሞ የነዳጅ ልጅ ነው። ጆ ከገበያ ወጣና እ.ኤ.አ. በ1982 ተመልሶ ሲመጣ ቁመቱ ወደ አንድ ሦስተኛ ወርዶ ነበር። ጠላቱም የታወቀ አገር መሆኑ ቀርቶ የካርቱን ድርጅት ሆነ። ታሪካዊው እግረኛ፣ ማለትም ይህ ጦር፣ ይህ ዘመን፣ ይህ ሬጅመንት ተብሎ የሚታወቀው፣ ከልጆች መደርደሪያ የወረደው በዚህ መንገድ ነው። ወርዶ ግን አልጠፋም። ወደ አባቶቹ መደርደሪያ ወጣ።

ልጅ ሳሉ ወታደር ያሰለፉት ሰዎች ጎልምሰው ገንዘብ ይዘው ተመለሱ። ለእነሱ የሚሠራው ወታደር የአዝራሩ ቁጥር፣ የቦርሳው ማሰሪያ፣ የጫማው ሚስማር ሳይቀር ትክክል ነው። ከቀድሞው ይልቅ ያምራል፤ ዋጋውም አይቀመስም። ሰብሳቢዎች ይህን ትንሣኤ ይሉታል። እኔ በዚህ አልስማማም። መጫወቻ የሚባለው ነገር መለኪያው ከተገለበጠ፣ በተነካ ቁጥር ዋጋው የሚወርድ ከሆነ፣ የቀረው ሐውልት ነው። አረንጓዴዎቹ የፕላስቲክ ወታደሮች እ.ኤ.አ. በ2014 አሜሪካ ውስጥ በመጫወቻዎች የክብር አዳራሽ ሲገቡ ብዙዎች ተደስተዋል። ክብር የሚሰጠው ለማን እንደሆነ የምናውቅ ሰዎች ግን ዜናውን ስንሰማ ትንሽ ማሰባችን አይቀርም።

ይህ የፈረንጅ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የጦረኛ ምስል በሰብሳቢ እጅ ሲወድቅ ምን እንደሚሆን የሚያሳይ ከባድ ምሳሌ እኛው ዘንድ አለ። ኮንሶዎች ጀግና ሲሞት ዋካ የሚባል የእንጨት ምስል ያቆሙለት ነበር። ጀግናው ከነሚስቶቹ፣ የገደለው ጠላትና የገደለው አውሬም አብረው ይቆማሉ። መጫወቻ እንዳልሆነ ግልጽ ነው፤ ግን ጦረኛን አሳንሶና አቁሞ ማስታወስ ነው። የአዲስ አበባ ነጋዴዎችና የውጭ ገዢዎች ውበቱን ካወቁ በኋላ ዋካው በሌሊት ከመቃብሩ ላይ እየተነቀለ ተሸጠ። ካራት ላይ ሙዚየም ተሠርቶ ከሌባ የተረፈውና የተያዘው ተሰበሰበ። መዳኑ ጥሩ ነው። ነገር ግን የሚሰረቅ ከሆነ ማን አዲስ ያቆማል? አዲስ ሃይማኖትም ተጨመረበትና አቋሚው ተመናመነ። ጎንደር አጠገብ ወለቃ ላይ ደግሞ የቤተ እስራኤል ሴቶች ለጎብኚ የሚሸጡት ትንንሽ የሸክላ ምስል ነበር። ሠሪዎቹ አብዛኞቹ እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ ወደ እስራኤል ሄዱ፤ ምስሉ ግን ገዢ ስላለው በሌሎች እጅ ቀጠለ። በአንዱ ዘንድ ገዢው ሠሪውን አጠፋ፤ በሌላው ዘንድ ሠሪው ቢሄድም ገዢው ዕቃውን አቆየ። ሁለቱም ቦታ ዕቃ አለ። ስለዚህ ውድቀትን በዕቃ ብዛት የሚለካ ሰው ሁለቱንም ቦታ ደህና ነው ብሎ ይመለሳል።

አሁን ወደ ጋምቤላ፣ ወደ ኑዌር ልጅ እጅ እንመለስ። ኢቫንስ ፕሪቻርድ እ.ኤ.አ. በ1940 ባሳተመው የኑዌር መጽሐፉ ላይ፣ ልጆች በአሸዋ በረት ሠርተው፣ ከጭቃ በሬና ላም አበጅተው ሲያግዱና ከፍ ሲሉም ጥሎሽ እየቆጠሩ ሲጋቡ እንደሚጫወቱ መዝግቧል። ኦክስፎርድ በሚገኘው ፒት ሪቨርስ ሙዚየም ከዚያው አካባቢ የሄዱ የጭቃ ከብቶች ተቀምጠዋል።

የጭቃ በሬ አሠራር ቀላል ይመስላል። ዝናብ ካቆመ በኋላ ዋልካው ሳይሰነጣጠቅ ይቆፈራል። ሣሩና ጠጠሩ ይለቀማል፤ በእጅ መዳፍ እየተመታ እስኪለዝብ ይታሻል። መጀመሪያ የሚወጣው ሻኛው ነው፤ ከአካሉ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትልቅ ሆኖ። እግር አራት መሆኑ ግድ አይደለም፤ ሁለቱ የፊት እግሮች አንድ ላይ፣ ሁለቱ የኋላ አንድ ላይ ተደርገው በሬው ራሱን ችሎ እንዲቆም ብቻ ይፈለጋል። ፊት የሚባል ነገር የለውም። ቀንዱ ላይ ግን ልጁ ይተጋል። የኑዌር ወንድ የሚወደውን በሬ ቀንድ ከሕፃንነቱ ጀምሮ እየጠረበ ወደሚፈልገው ቅርጽ ያሳድገዋል፤ ልጁም ያንኑ በጭቃ ይሠራል፤ አንዱን ወደ ፊት፣ አንዱን ወደ ላይ። አመድ ነጩን፣ ከሰል ጥቁሩን ይሰጣል። ምክንያቱም በኑዌር ዘንድ ከብት ያለ መልኩ ከብት አይደለም። ወጣቱ ራሱ በበሬው መልክ ይጠራል። ፀሐይ ላይ ይደርቃል፤ እሳት አይገባም። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ቀንዱ ይሰበራል፤ ከረምረም ብሎም ወደ አፈርነቱ ይመለሳል። ሠሪው አያዝንም፤ ጭቃው እዚያው ነውና ሌላ ይሠራል።

ያ የፕላስቲክ ወታደር ፊት የሌለው ከግልባጭ ብዛት ነው። የጭቃው በሬ ፊት የሌለው ግን ልጁ ምን እንደሚበልጥ ስለሚያውቅ ነው። አንዱ የጎደለው ጠፍቶበት ነው፤ ሌላው ተመርጦ ተትቷል። አንድ ልጅ በየትኛው ዕቃ ከብት ማወቅን እንደሚማር ለመገመት አያስቸግርም። በጥሎሽ ጨዋታው ሒሳብ አለ፣ ዝምድና አለ፣ የከብት ቀለም ስም አለ፤ የአባትና የአጎት ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ ልጁ የሚያውቀው ገና ሳያገባ በጭቃ ከብት ነው።

ታዲያ ይህ ጨዋታ በጋምቤላ ከተማና በዙሪያዋ ለምን እየሳሳ ሄደ? የመጀመሪያው መልስ ከብት ነው፤ እሱም ከሁሉ ይከብዳል። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የክልሉ ሕዝብ 307 ሺህ ግድም ነበር። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ከደቡብ ሱዳን ጦርነት ሸሽቶ የገባውና በቴርኪዲ፣ በኩሌ፣ በጄዊና በሌሎቹ ጣቢያዎች የሠፈረው ስደተኛ ከዚያ ቁጥር ጋር የሚመጣጠን ሆኗል። አብዛኛው ኑዌር ነው፤ አብዛኛውም ከብቱን ጥሎ ነው የመጣው። በጣቢያ የተወለደ ልጅ በወር የሚሰፈር እህል ያውቃል፤ በረት አያውቅም። ያልታየ በሬ ደግሞ በጭቃ አይወጣም።

ሁለተኛው ጸጥታ ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2008 ዓ.ም. ከደቡብ ሱዳን የተሻገሩ የሙርሌ ታጣቂዎች በኑዌር ዞን ከ200 በላይ ሰው ገድለው፣ ከ100 በላይ ሕፃናት ጠልፈው፣ ወደ 2,000 ከብት ነድተው ሄደዋል። ከዚያ በኋላ ትንሽ ልጁን ከመንደር ራቅ አድርጎ ከከብት ጋር የሚልክ ወላጅ ሁለቴ ያስባል። የከብት ጥበቃው ለታጠቀ ጎልማሳ ሲተው ልጁ ከዋልካውም ይርቃል። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሻሮን ሃቺንሰን እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ በኑዌሮች ዘንድ ጠብመንጃ በከብት እየተገዛ የወንድማማቾች የጋራ ሀብት እንደሆነ ጽፋለች። በሬ የነበረበትን ቦታ ጠብመንጃ ከወሰደ መጫወቻው ቢከተለው አያስገርምም።

ትምህርት ቤቱም ሰዓቱን ወስዷል። በዚህ የሚከፋ ሰው አይኖርም፤ እኔም አልከፋም። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረውና 45,000 አባወራ ለማስፈር ታቅዶበት የነበረው የመንደር ምሥረታም ኑሮን ወደ መንገድ ዳር ስቧል። ስልክ ደግሞ የሁሉም ቦታ ታሪክ ስለሆነ አልፈዋለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግራ ያጋባል። ጣቢያ ውስጥ ያሉ ልጆች ጭቃ መሥራታቸውን አላቆሙም። ከብት ስላላዩ የሚሠሩት ያዩትን ነው። የደቡብ ሱዳን ተፈናቃይ ልጆች የሠሩት የጭቃ ታንክ፣ መትረየስ የተጠመደበት ፒክአፕ፣ ክላሽ የያዘ ወታደር በብዙ የፎቶግራፍ ዘገባ ላይ ታይቷል። ሰው ይህን ሲያይ ያዝናል። ጨዋታው ተበላሸ፣ በሬው ወታደር ሆነ ይላል። የልጁ መከራ የሚያሳዝን መሆኑን አልክድም። ጨዋታው ወደቀ የሚለውን ግን አልቀበልም፤ እንዲያውም ተቃራኒው ይመስለኛል። ያ ልጅ ጎማው ስንት እንደሆነ፣ መትረየሱ በየት በኩል እንደሚዞር፣ ተኳሹ እንዴት እንደሚቀመጥ ልክ እንደ ቀንዱ አድርጎ ያወጣዋል። አያቱ በቀንዱ ላይ የተጋውን እሱ በአፈሙዙ ላይ ይተጋል። የሚጎዳውን ነገር አሳንሶ፣ በእጁ ጨብጦ፣ ሲያሻው ጨፍልቆ መልሶ ያቦካዋል። በዚህ ምድር የተካሄደን ጦርነት እግረኛ በእውነት የቀረጸ መጫወቻ ካለ ይኸው የጣቢያው የጭቃ ወታደር ነው። ለኮንጎው ወታደር ማንም ያልሠራለትን፣ ለአኝዋሃውም የተረሳውን፣ ይህ ልጅ ለራሱ ዘመን ሠርቶታል። ሳጥን የለውም፣ ጨረታ አይደርስም፣ ክረምት ሲገባ ይፈርሳል።

ስለዚህ መለኪያዬን ግልጽ ላድርግ። የሚሠራው ነገር ከበሬ ወደ ባጃጅ፣ ከባጃጅ ወደ ታንክ ቢለወጥ ውድቀት አልለውም፤ የልጅ ጨዋታ ሁሌም የዘመኑን ዕቃ ይከተላል። ውድቀት የምለው ልጁ ከሠሪነት ወደ ተጠቃሚነት ብቻ የተሸጋገረበትን ጊዜ ነው። በዚህ መለኪያ ከሄድን ተጎጂው እንደሚጠበቀው አይሆንም። ጨዋታው ክፉኛ የሚሳሳው ድሃ በሆነው ጣቢያ ውስጥ ሳይሆን፣ ጥቂት ብር ያለው ቤተሰብ ልጁን በላስቲክ በታሸገ ወታደር ዝም በሚያሰኝበት በከተማው ሠፈር ይሆናል። የጭቃ ከብት ልብስ ያቆሽሻል፤ የፕላስቲኩ ወታደር አያቆሽሽም። ልብስ በሳሙና የምታጥብ እናት የትኛውን እንደምትመርጥ ግልጽ ነው፤ ልወቅሳትም አልችልም።

የሚያሰጋው ነገር የመጥፋቱ ፍጥነት ነው። ሽመና ወይም ብረት መቀጥቀጥ ሲጠፋ ትውልድ ይፈጃል፤ የሚያውቀው ሽማግሌ እስኪሞት ጊዜ አለ፤ ተለምኖም ያስተምራል። የልጆች ጥበብ ግን ከአዋቂ ወደ ልጅ አይተላለፍም። ፒተርና አይዮና ኦፒ የተባሉት እንግሊዛዊ ባልና ሚስት እ.ኤ.አ. በ1959 ባወጡት ሥራ የልጆች ጨዋታና ዘፈን ከልጅ ወደ ልጅ እንደሚሻገር አሳይተዋል። ጭቃ ማሸት የሚያስተምረው የዐሥር ዓመቱ ልጅ ነው፤ ተማሪው የስድስት ዓመቱ። ሰንሰለቱ አራት ዓመት ብቻ ይረዝማል። አንድ የዕድሜ እርከን ዋልካ ሳይነካ ካደገ፣ ከኋላው ለሚመጣው የሚያሳይ አይኖርም። ሽማግሌው በሬውን ያስታውሳል፤ ግን ስድሳ ዓመት ያልሠራው እጁ ከሁለት ሰዓት በኋላ የሚሰነጠቅና የማይሰነጠቅ ጭቃን አይለይም።

ለዚህም ነው ሙዚየም መድኃኒት ይሆናል የማልለው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ኤግዚቢሽኑን ከልደት እስከ ሞት በሰው ዕድሜ ቅደም ተከተል አሰናድቶ ለልጅነትና ለጨዋታም ቦታ መስጠቱ ያስመሰግነዋል። መመዝገቡ መልካም ነው፤ ተመራማሪ ይጠቅማል። ለልጁ ግን በመስታወት ውስጥ ያለ የጭቃ በሬና ሳጥኑ ያልተከፈተ የእርሳስ ዘበኛ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም አይነኩም። የኮንሶው ነገርም ከአእምሮዬ አይወጣም። የጭቃ ከብቱ ለጎብኚ የሚሸጥ ከሆነ፣ እንዳይሰበር ተብሎ በእሳት ይጠበሳል፣ ቀለም ይቀባል፣ አራት እግርና ፊት ይወጣለታል። ሠሪውም አዋቂ ይሆናል።

በክልሉ ሕፃናት በኑዌርኛና በአኝዋሃኛ ፊደል መቁጠር መጀመራቸው ጥሩ መሠረት ነው። ቅድመ መደበኛ ክፍል ውስጥ ጭቃ የማስገባት ሐሳብም ገንዘብ አይጠይቅም፤ ዋልካው በግቢው አለ። ሐሳቡ ሲነሳ ግን ቶሎ የሚመጣው የአገር ሽማግሌ ጋብዞ «የባህል ቀን» ማድረግ ነው። ያ ለፎቶግራፍ ያምራል። ለሥራው የሚሆነው ግን በዚያው ግቢ አራተኛ ክፍል ያለ፣ በጋውን ከአጎቱ ከብት ጋር ላሬ ወይም ጂካዎ ወረዳ አሳልፎ የተመለሰ ልጅ ነው። መስከረም ላይ፣ መሬቱ ገና ሳይደርቅ፣ በሳምንት አንድ ከሰዓት ከትንንሾቹ ጋር ቢያስቀምጡት ይበቃል። በሬ ሥራ ብሎ ማዘዝም አያስፈልግም። በሬ ያላየው ልጅ ባጃጅ ይሥራ፤ ከደቡብ ሱዳኗ ናስር የመጣው ደግሞ መትረየስ ያለው ወታደር ሊሠራ ይችላል፤ መምህሩ ያን ሲያይ ደንግጦ ባይጨፈልቅበት።